የ911 ዘይት በግቢ ይቀየር ወይስ በጋራዥ? ክርክር ከጎጃም

ለክርክር የቀረበው ነጥብ ይህ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2008 የተሠራ ፖርሽ 911፣ ማለትም የመጀመሪያው ዙር 997፣ ያለው ሰው ወጪውን ለመቀነስ የሞተር ዘይቱን በገዛ ግቢው ቢቀይር ያዋጣዋል? ያዋጣዋል የሚለው ተከራካሪ ከባሕር ዳር ነው፤ አያዋጣውም የሚሉት ከደብረ ማርቆስ ናቸው። ቱርቦውና ጂቲ3 ሞተራቸው ሌላ ስለሆነ ከክርክሩ ወጥተዋል።

ባሕር ዳር፦ የዚህ መኪና ዘይት ቅየራ ውድ የሆነው ሥራው ስለሚከብድ አይደለም። ብዙ ስለሚጠጣና የሚጠጣውም የተመረጠ ስለሆነ ነው። ኮሮላ 4 ሊትር ገደማ ይበቃታል፤ ይህ ሞተር ግን ከነፊልትሮው 8 ሊትር አካባቢ ይፈልጋል። ከወጪው ትልቁን ድርሻ ዘይቱ ይወስዳል፤ እሱን ደግሞ ማንም ቢቀይረው ከፋዩ ባለቤቱ ነው። እንግዲህ ገንዘብ የሚተርፈው ዕቃውን ራስ መርጦ በመግዛትና የእጅ ሥራውን ራስ በመሥራት ነው።

ከዘይቱ ልጀምር። ጄሪካኑ ጀርባ ላይ ፖርሽ ኤ40 የሚል ፈቃድ መጻፍ አለበት። ሞቢል 1 ባለ 0ደብሊው-40 በሰፊው የሚታወቀው ነው፤ ነገር ግን ፊተኛው ቁጥር የሚያገለግለው ለብርቱ ብርድ ነው። እኛ ዘንድ እንጅባራም ሆነ ማርቆስ ሞተር የሚያስቸግር ብርድ ስለሌለ፣ ኤ40 እስካለው ድረስ 5ደብሊው-40 ይበቃል፤ ብዙ ጊዜም ዋጋው ረከስ ይላል። የማይነካው ኋለኛው 40 ነው፤ ዘይቱ ሲግል የሚኖረውን ውፍረት የሚናገረው እሱ ነው። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ያለው አቀበት ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ በዝቅተኛ ማርሽ ያስወጣል፤ ዘይቱ እዚያ ላይ ነው የሚግለው። በዚያ ሙቀት ከልክ በላይ የሚቀጥን ዘይት ኩሽኔታ (ዘንግ የሚሽከረከርበትን ክፍል) ይበላል። በየሱቁ የተደረደረው ለአይሱዙ የሚሸጠው 15ደብሊው-40 ደግሞ ኋላው 40 ስለሆነ ብቻ አይተካውም፤ ጠዋት ሲነሳ ወፍራም ስለሆነ ቫልቩን የሚገፉት ሃይድሮሊክ ክፍሎች ዘግይተው ይሞላሉ።

ፊልትሮው ማህለ ኦኤክስ 128/1ዲ ነው። የዚያው ዘመን ቦክስተርና ካይማንም ይህንኑ ስለሚጠቀሙ በቀላሉ ይገኛል። ክብደት የለውም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሦስት አራቱን ከላስቲክ ቀለበቶቻቸውና ከታፖው (ከዘይት ማውረጃው ብሎን) የአሉሚኒየም ሮንዴላ ጋር በሻንጣ ሊያመጣ ይችላል። ዘይቱን ግን እዚሁ፣ ካልተከፈተ ጄሪካን፣ ደረሰኝ ከሚሰጥ አስመጪ ወይም ወኪል መግዛት ነው። ከበርሜል ተቀድቶ የሚሸጥ ዘይት ለዚህ ሞተር አይሆንም።

ሥራው ራሱ እንዲህ ነው። ሞተሩን ማሞቅ፣ ማጥፋት፣ እጅ የማያቃጥል እስኪሆን ጥቂት መጠበቅ። ታፖው በ8 ቁጥር ብሩጎላ ይፈታል፤ ቢያንስ 10 ሊትር የሚይዝ ሰፊ ሳፋ ከሥሩ ይቀመጥ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንጠብ። የፊልትሮው ፕላስቲክ ቆብ የሚፈታው 74 ሚሊሜትር በሆነ ባለ 14 ጥርስ መፍቻ ነው። ይህ መፍቻ ለብዙ መርሴዲስም ስለሚሆን ለአንድ መኪና ብቻ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ቆቡ ዘይት ይዞ ስለሚወርድ ሳይጋደል መቀበል ነው። አዲሱን ቀለበት ዘይት ቀብቶ ማስገባት፤ ቆቡን በ25 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ ነው)፣ ታፖውን በአዲስ ሮንዴላ በ50 ኒውተን ሜትር ማጥበቅ። በዚህ ውስጥ የጥበበኛ ሚስጥር የሚባል ነገር የለም።

ደብረ ማርቆስ፦ ወንድም ዓለም፣ ስለ ዘይቱና ስለ ፊልትሮው የተናገርከውን ሁሉ እቀበላለሁ። ዕቃውን ባለቤቱ ይግዛው። ሙግቴ ዕቃው ተገዝቶ ከመጣ በኋላ ስላለው ነው፤ ምክንያቱም አንድ ትልቅ ነገር ዘለሃል። መኪናው በምን ተነስቶ ነው ሰው ከሥሩ የሚገባው?

ይህ መኪና ወደ 1,400 ኪሎ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በጣም የሚበልጠው ያረፈው በኋላው ነው፤ ሞተሩ ያለው እዚያ ነዋ። ከሥሩ ክሪክ የሚቀበሉ አራት ነጥቦች ብቻ አሉት፤ ሁለቱ ከፊት ጎማዎች ኋላ፣ ሁለቱ ከኋላ ጎማዎች ፊት። ክሪኩ በነጥቡ ላይ ከተቀመጠ ካቫሌቶው (የተነሳውን መኪና ደግፎ የሚይዘው የብረት ቋሚ) የት ይግባ? የሚያውቅ ሰው ኋለኛውን ነጥብ በክሪክ ሲያነሳ ያ ጎን ፊቱም አብሮ ስለሚነሳ ካቫሌቶውን ከፊተኛው ነጥብ ሥር ያስገባል። የማያውቅ ሰው ክሪኩን ከሞተሩ ኮፓ (ከዘይት ማጠራቀሚያው) ሥር ይሰካዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚከፈለው የዘይት ሒሳብ አይደለም።

ደግሞም አንድ ጎን ብቻ ከተነሳ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ከፊሉ ውስጥ ይቀራል። አሮጌው በደንብ ይውጣ ከተባለ አራቱም ጎማ እኩል መነሳት አለበት፤ ይኸውም አራት ካቫሌቶ ማለት ነው። መሬቱንስ አስበኸዋል? በክረምት በመረሬ አፈር ላይ የቆመ ካቫሌቶ አንዱ እግሩ ሲሰምጥ መኪናውን ይገለብጠዋል። ኮብልስቶንም እኩል ስላልሆነ አያስተማምንም። ባለ ሲሚንቶ ግቢ የሌለው ሰው ይህን ሥራ መጀመር የለበትም፤ የምለው በጥብቅ ነው።

እና መፍትሔው ከእያንዳንዳችን ከተማ አይርቅም። ላቫጆ ጉድጓድ አለው። መኪናው በአራት ጎማው፣ ደልደል ብሎ ይቆማል፤ ዘይቱ ሙልጭ ብሎ ይወርዳል፤ ከበላይህ በክሪክ የተንጠለጠለ ነገር የለም። ባለቤቱ ዕቃውን ይዞ ይሂድ፣ ለጉድጓዱና ለእጅ ሥራው ይክፈል። የሚተርፈው ገንዘብ ያው ነው፤ በግቢህ ብትሠራው የምትጨምርበት አራት ካቫሌቶ፣ ባለ ጎማ ክሪክና ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ መፍቻ) ገዝተህ በዓመት አንዴ የምትጠቀምበት ወጪ ብቻ ነው።

ባሕር ዳር፦ ስለ ካቫሌቶው ያሉት እውነት ነው፣ ጋሼ፤ አንድም ቃል አልቀንስም። እንዲያውም ከካቫሌቶው ሥር ወፍራም ጣውላ ይግባ፤ የሚነሳው ሁለቱ ጎን በየተራ፣ ቀስ በቀስ ይሁን፤ ሰው ከመግባቱ በፊትም መኪናው በእጅ ተገፍቶ ይሞከር እላለሁ። መሬቱ ሲሚንቶ ካልሆነ ግን አይጀመር፤ በዚህ ተስማምተናል።

ላቫጆውን ግን እንየው። መግቢያው የተሠራው ለአይሱዙና ለሚኒባስ ነው። የ911 የፊት ከንፈር ዝቅ ያለ ስለሆነ የመውጫ ዳገቱ ይፍቀዋል፤ ባለቤቱ ጣውላ ይዞ መሄድ ይኖርበታል። ይህ ቀላሉ ነው። ዋናው ጉዳይ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ማጥበቅ የለመደው የአይሱዙ ታፖ መሆኑ ነው፤ መፍቻው ላይ ቱቦ ጨምሮ ይጎትታል። የዚህ ሞተር ጥርስ በአሉሚኒየም ውስጥ ነው፤ ቆቡ ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ከመጠን ያለፈ ጥብቀት ጥርሱን ይበላል፣ ቆቡን ይሰነጥቃል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ በመንገድ ላይ ዘይት ሲንጠባጠብ ነው። አሮጌው ሮንዴላ ተገልብጦ ሲገባ ማየትም የተለመደ ነው። አንዴ የተጨፈለቀ አሉሚኒየም ሁለተኛ አይዘጋም።

ቶርክ መፍቻ ውድ ነው ለሚሉትም መተኪያ አለ። መፍቻው ከብሎኑ መሐል እስከ ተያዘበት ቦታ 25 ሴንቲሜትር ይለካ። እዚያ ላይ ባለ ስፕሪንግ ተንጠልጣይ ሚዛን ይታሰርና በቀጥ ማዕዘን ይሳብ። ሚዛኑ 10 ኪሎ ሲያነብ ወደ 25 ኒውተን ሜትር ነው፤ ቆቡ በቃው። 20 ኪሎ ሲያነብ ወደ 50 ነው፤ ታፖው በቃው። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ኪሎ ክብደት ወደ 10 ኒውተን ኃይል ነው፣ በሩብ ሜትር ይባዛል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ፊልትሮው ነው። ይህ ሞተር በውስጡ መካከለኛ ዘንግ አለው፤ የዘንጉ ኩሽኔታ ሲበላሽ ካቴናው (ሰንሰለቱ) ጊዜውን ይስታል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩ ይሞታል። ከ2005 ሞተሮች አንዳንዶቹ ኩሽኔታቸው ሞተሩ ሳይገነጠል ሊወጣ ይችላል፤ ከ2006 ወዲህ ያለው ትልቁ ግን ሞተሩ ካልተከፈለ አይወጣም። ስለዚህ ቀድሞ ማወቅ ነው ያለው። ማወቂያው ደግሞ አሮጌው ፊልትሮ ነው። ወረቀቱ በምላጭ ይቆረጥ፣ እጥፋቱ ሁሉ እንዲታይ በነጭ ወረቀት ላይ ይዘርጋ፤ በላስቲክ የተጠቀለለ ማግኔት ይለፍበት። በማግኔት የሚነሳ የሚያበራ ስስ ፍንካች ብረት ነው፤ ይህ ከታየ መኪናው አይነዳ። ማግኔት የማያነሳው የሚያበራ ቅንጣት አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፤ እሱም ቸል አይባልም። ቡናማ ወይም ጥቁር የፕላስቲክ ፍርፋሪ ከካቴናው መመሪያ የተፋቀ ነው፤ ጥቂቱ የዕድሜ ነው፣ ሲበዛ ግን መመሪያው አልቋል። በላቫጆ ይህ ፊልትሮ ሳይታይ በርሜል ውስጥ ይጣላል። ባለቤቱ በእጁ ሲሠራ ግን ይህን ምርመራ ያለ አንድ ሳንቲም ያገኛል።

ደብረ ማርቆስ፦ ሚዛኑን አልወድልህም። ከመኪና ሥር ተጋድሞ የሚስብ ሰው ቀጥ ማዕዘኑን ይስታል፤ ማዕዘኑ በሳተ ቁጥር ሚዛኑ 20 ቢልም ብሎኑ የሚያገኘው ያንሳል። ላልቶ የቀረ ታፖ ደግሞ ከጠበቀው ይብሳል፤ 8 ሊትር ዘይት በደጀን አቀበት ላይ ሊፈስ ይችላል። ይልቅ ሁለት ሦስት የመኪና ባለቤቶች ተዋጥተው አንድ ቶርክ መፍቻ ይግዙ፤ ላቫጆም ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ። ባለቤቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ «በዚህ አጥብቅልኝ» ካለ፣ ሮንዴላውንም በእጁ ካቀበለ፣ የምትፈራው ነገር አይደርስም። ፊልትሮውንም እንዲሁ፤ በፌስታል ተቀብሎ ቤቱ ወስዶ ይቆርጠው። ምርመራው ድንቅ ነው፤ ግን ከመኪና ሥር መግባትን አይጠይቅም።

ስለ መሙላቱ ደግሞ ፈጥነህ አልፈሃል። በዚህ ሞተር ዲፕስቲክ (ተስቦ የሚወጣ የዘይት መለኪያ ዘንግ) የለም፤ ደረጃው የሚነበበው በዳሽቦርዱ ነው። መኪናው ባልተስተካከለ መሬት ላይ ከቆመ መለኪያው ይዋሻል። ሰው ደግሞ የወጣውን ያህል ልመልስ ብሎ ስምንቱንም ሊትር በአንድ ጊዜ ይገለብጣል። አሮጌ ዘይት ሁልጊዜ ውስጥ ስለሚቀር ይተርፋል፤ የተረፈው በዘይት መለያው (ዘይትን ከአየር በሚለየው ክፍል) በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ይሳባል፤ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል። መጀመሪያ 7 ሊትር፣ ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ የዘይት መብራቱ መጥፋቱን ማየት፣ ማሞቅ፣ ደልዳላ ቦታ ማንበብ፣ ከዚያ በሩብ ሊትር በሩብ ሊትር መጨመር። ከከፍተኛው መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ ማቆም ይሻላል።

የተቃጠለው ዘይትስ? ግቢ ውስጥ የቀየረ ሰው 8 ሊትር ጥቁር ዘይት ይዞ ይቀራል። ለአጥር እንጨት ምስጥ መከላከያ ይቀባዋል፣ ለጎረቤት አናጢ ለፎርም ይሰጠዋል፣ የቀረው ቦይ ውስጥ ይፈሳል። የባሕር ዳር ቦይ የሚሄደው ወዴት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ፤ ጣና በእምቦጭ የተቸገረው ይበቃዋል።

ባሕር ዳር፦ ስለ ጣና ያሉትን ያለ ሙግት እቀበላለሁ፤ ጠብታ ቦይ ውስጥ መግባት የለበትም። ዘይቱ በመጣበት ጄሪካን ተመልሶ ክዳኑ ተጠብቆ፣ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ መሰጠት አለበት። ለአጥር መቀባቱንም አልደግፍም፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ አፈሩ ይታጠባል። ቶርክ መፍቻ በጋራ መግዛቱንም እወስደዋለሁ፤ ከሚዛኑ ይሻላል።

በአንድ ነገር ግን አልነቃነቅም፣ ጋሼ። ባለቤቱ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ቶርክ መፍቻ ያቀብላል፣ ሮንዴላ ያቀብላል፣ ፊልትሮ ይቀበላል፣ ደረጃውን ያነብባል ካሉ፣ ሥራውን ሁሉ ሠራው ማለት ነው፤ የቀረው ሁለት ብሎን መፍታት ነው። ሲሚንቶ ግቢና አራት ደህና ካቫሌቶ ያለው ሰው ያንን ሁለት ብሎን ለምን ለሌላ ይሰጣል? ደግሞ በራሱ ሲሠራ ዘይቱን ፋብሪካው እስከፈቀደው ርቀት ጫፍ ድረስ አያቆየውም። በየዓመቱ፣ ወይም 8,000 ኪሎ ሜትር ላይ፣ የቀደመው ሲደርስ ይቀይራል። ለዚህ ሞተር ኩሽኔታ ከሁሉ የሚጠቅመው ይኸው ነው።

ደብረ ማርቆስ፦ ለምን ይሰጣል ላልከው፣ እነዚያ ሁለት ብሎኖች ያሉት ከ1,400 ኪሎ መኪና ሥር ስለሆነ ነው። በዓመት አንዴ መቀየሩ ትክክል ነው፤ ወሩን ግን እኔ ልምረጥልህ። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ በደረቀ በጥቅምት፣ በጉድጓድ ላይ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ቶርክ መፍቻው በባለቤቱ እጅ።