ከወለሉ በታች ያለው ውሃ፦ ከአትላንታ እስከ ባሕር ዳር

አትላንታ ውስጥ ቤት ለመግዛት የተስማማ ሰው ክፍያውን ከማጠናቀቁ በፊት መርማሪ ይቀጥራል። መርማሪው ጣሪያውን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን፣ የውሃ ቧንቧውን አንድ በአንድ ያያል። ገዢው በስጋት የሚጠብቀው ግን ሰውየው ቱታ ለብሶ፣ ባትሪ ይዞ፣ በቤቱ ጎን ባለች ትንሽ በር ገብቶ ከወለሉ ሥር በደረቱ እየተሳበ ያየውን ሲነግረው ነው። በአሜሪካ ደቡብ ብዙ ቤት በቀጥታ መሬት ላይ አያርፍም። የእንጨት ወለሉ በአጭር የመሠረት ግድግዳ ላይ ይዘረጋል፤ በወለሉና በአፈሩ መካከል ሰው በእንብርክክ ብቻ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ይቀራል። ማንም አይኖርበትም። የቤቱን ዕድሜ የሚወስነው ግን በአብዛኛው እሱ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አፈር ላዩ ደርቆ ቢታይም ከውስጡ እርጥበት ያለማቋረጥ ይተነፍሳል። እርጥበቱ መውጫ ካጣ ወለሉን የተሸከመው ወራጅ እንጨት ይጠጣዋል። እንጨት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በላይ ውሃ ከያዘ የሻጋታና የብስባሽ ስጋት ይጀምራል፤ ምስጥም እርጥብ እንጨት ይወዳል። ነገሩ ከታች ብቻ አይቀርም። በብርድ ወራት በቤት ውስጥ የሞቀው አየር በጣሪያ በኩል ሲወጣ፣ ቦታውን የሚተካው አየር ከወለል ሥር ይሳባል። ስለዚህ ታች የሸተተው መኝታ ቤት ድረስ ይሸታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ባወጣው መመሪያ የቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ከአስምና ከመተንፈሻ አካል ሕመም ጋር እንደሚያያዝ አስፍሯል። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህንን እንደ ቀለም ጉዳይ አድርጎ ማለፍ የለበትም።

እዚያ አገር ለረዥም ጊዜ ይታመንበት የነበረው መድኃኒት ንፋስ ነበር። ለእያንዳንዱ 150 ካሬ ሜትር ወለል 1 ካሬ ሜትር የአየር ቀዳዳ በመሠረቱ ግድግዳ ላይ እንዲተው የግንባታ ደንባቸው ያዝዝ ነበር፤ ይህ መለኪያ በደንቡ ውስጥ ዛሬም አለ። ችግሩ የአሜሪካ ደቡብ በጋ፣ እኛ ክረምት ላይ ስንሆን የሚመጣው፣ ሙቀትም ወበቅም በአንድ ላይ ያለበት መሆኑ ነው። በቀዳዳው የሚገባው የሐምሌ አየር ከውስጡ ይበልጥ እርጥብ ነው፤ በማቀዝቀዣ የቀዘቀዘውን ወለልና ቱቦ ሲነካ ወደ ውሃነት ተለውጦ ይንጠባጠባል። ያደርቃል የተባለው ቀዳዳ ሲያረጥብ ተገኘ። አሁን ብዙዎቹ ቀዳዳውን ይደፍናሉ፤ አፈሩን ቢያንስ 0.15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ላስቲክ ይሸፍናሉ፤ የላስቲኩን መጋጠሚያ በ15 ሳንቲ ሜትር ያደራርባሉ፤ ጠርዙን ወደ ግድግዳው ሽቅብ ያወጡታል፤ እርጥበት መምጠጫ መሣሪያም ይጨምራሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፤ እኔም በጣም የማከብረው እሱን ነው። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ከቤቱ ርቆ መፍሰስ አለበት። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ደግሞ በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ማዘቅዘቅ አለበት። ይህ ሳይሟላ ላስቲክ ማንጠፍ ገንዘብ መቅበር ነው። ውሃው ከላስቲኩ በታች ይጠራቀማል፤ መሣሪያውም ቀን ከሌሊት ሲሠራ ይከርማል።

አሁን ወደ ባሕር ዳር ልምጣ።

አትላንታ በዓመት 1,270 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ባሕር ዳር ደግሞ 1,400 የሚጠጋ። ቁጥሩ ሲታይ ጎረቤት ይመስላሉ። የአትላንታው ግን በአሥራ ሁለቱም ወራት ተከፋፍሎ የሚወርድ ሲሆን የእኛ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። በሐምሌ አጋማሽ ባሕር ዳር ውስጥ መሬት መጠጣት አቁማለች። ጣና ራሱ ከፍ የሚለው ዘግይቶ ነው። ገባር ወንዞቹ ውሃቸውን አምጥተው ሲጨርሱ፣ መስከረም ማለቂያና ጥቅምት ላይ፣ ሐይቁ ሞልቶ ይታያል። ስለዚህ አደይ አብባ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ክረምቱ ወጣ ብሎ ብርድ ልብሱን ሲያሰጣ፣ በሐይቁ ዳርና በዝቅተኛ ሰፈሮች ከመሬት በታች ያለው ውሃ ገና ከፍ እንዳለ ነው። የጥቅምት ግድግዳ ለምን እንደማይደርቅ ግራ የሚገባው ሰው መልሱ እዚህ አለ።

የእኛ ቤት ከወለሉ ሥር ክፍት ቦታ የለውም። ሲሚንቶው በድንጋይ ንጣፍ ላይ፣ ንጣፉም በአፈር ላይ ይተኛል። ውሃው ግን ሌላ መንገድ ያገኛል፤ በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ዋልካ አፈር በጣም ደቃቅ ስለሆነ ውሃን በቀጫጭን ክፍተቶቹ ወደ ላይ ይስባል፤ ብሎኬትና ልስንም ከእሱ ተቀብለው ይቀጥላሉ። እህቴ ቤት የሳሎኑ ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ያብጣል፣ ይፈረፈራል፣ ነጭ ጨው ያወጣል። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ይቀባል፤ ለገና ያንኑ ሆኖ ይገኛል። ባለሙያ ተብሎ የመጣው ሰው በዘይት ቀለም እንዲቀባ መከረ፤ ከዚያም በሲሚንቶ ደህና አድርጎ ለሰነው። እርጥበቱ በዚያ በኩል መትነን ሲከለከል ከልስኑ በላይ ባለው ግድግዳ ወጣ። ዛሬ መስኮቱ ሥር ደርሷል።

የሚያሳዝነኝ በቤቱ ላይ የፈሰሰው ገንዘብ ትንሽ አለመሆኑ ነው። ሴራሚኩ አለ፣ የጂፕሰም ኮርኒሱ አለ፣ የብረት በሩ አለ። መሠረቱ ውሃ ልክ፣ ማለትም ግድግዳው የሚጀምርበት ደረጃ፣ ላይ ሲደርስ ከብሎኬቱ በታች መቀባት የነበረበት ሬንጅ ግን የለም። ከወለሉ ሲሚንቶ በታች መነጠፍ የነበረበት ላስቲክም የለም። የሁለቱም ዋጋ ከአንድ ክፍል የሴራሚክ ወጪ ያነሰ ነበር። ከወለሉ ሥር የሚገባው የባዛልት ድንጋይ ንጣፍ በተለምዶ 25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ውሃ ሽቅብ እንዳይሳብ ይቆርጠዋል። ክፍተቱ ከጉድጓዱ በወጣው በዚያው ዋልካ ከተሞላ ግን ድንጋዩ ምንም አልሠራም። ይህንን ማንም አያየውም፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሸፈናል። አትላንታ ላይ የከተማው ተቆጣጣሪ መጥቶ ሳያይ እንዲህ ያለው ሥራ አይሸፈንም። የማደንቀው ሀብታቸውን ሳይሆን ይህንን ልማድ ነው።

እውቀቱ ከውጭ የመጣ እንዳይመስለን ደግሞ እፈራለሁ። ዘጌ ሄዶ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ሰው ምን እንዳለ ያውቃል። ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ ወጥቶ ውሃውን ራቅ አድርጎ ይጥላል። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ በእነሱና በዝናቡ መካከል ቅድስቱና ቅኔ ማኅሌቱ አሉ። ገበሬው ጎተራውን በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ከመሬት ከፍ አድርጎ ያቆመዋል፤ እህሉ ከአፈር ጋር ከተገናኘ እንደሚሻግት ያውቃል። ደንገል ታንኳ ሠሪዎቹም ከሐይቁ ሲመለሱ ታንኳውን ውሃ ላይ ትተው አይሄዱም፤ አውጥተው አቁመው ያደርቁታል። እነዚህ ሁሉ ውሃን ማራቅ፣ ከመሬት ማላቀቅና ማድረቅ የሚባሉትን ሦስት ሥራዎች በቅደም ተከተላቸው ያውቃሉ። ብሎኬትና ሲሚንቶ ሲመጣ ጠንካራ ነው ብለን ጣልናቸው።

አንድ አረጋዊ ግንበኛ የነገሩኝ ከአእምሮዬ አይወጣም። «ልጄ፣ ቦታውን በሐምሌ ቆሜ ሳላየው አልቆፍርም። ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አንድ ዝናብ ካሳየኝ ይበቃኛል» አሉኝ። እኛ ውጭ ያለነው ብዙዎቻችን የምንመጣው ለገናና ለጥምቀት ነው። ቦታ የምናየው በጥር፣ መሬቱ በተሰነጠቀበት ወቅት ነው። የምንገዛውም ያኔ ነው።

ከዚያም ቤቱን ሠርተን ቆልፈን እንሄዳለን። ባሕር ዳር ውስጥ ዓመት ሙሉ የተዘጉ ያማሩ ቤቶች አሉ፤ ጥበቃው በሰርቪሱ ክፍል ይኖራል፣ የዋናው ቤት ቁልፍ ከዘመድ ጋር ነው። እሳት አይነድበትም፣ መስኮት አይከፈትበትም፣ መጋረጃው አይገለጥም። ከወለሉና ከግድግዳው የሚወጣው እርጥበት በውስጡ ይቀራል። ባለቤቱ ሲመጣ የቁም ሣጥኑ ጀርባ ሻግቷል፣ ፍራሹ ሸትቷል፤ ጥፋቱም በጥበቃው ይላከካል። እንዲህ ሲደረግ አይቼ በጣም አዝኛለሁ። ሰውየው መስኮት እንዲከፍት ማንም አልነገረውም፤ ቁልፍም አልተሰጠውም።

አሜሪካ የደረሰበትን ሁሉ እንዳለ መቅዳትም አይጠቅመንም። ቀዳዳ መድፈንና እርጥበት መምጠጫ ማስገባት ለአትላንታ አየር የተበጀ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው አየሯ ደረቅ ነው፣ ያለ ምንም ክፍያ ያደርቃል። ይህንን ጸጋ የሚጠቀም ሰው መሣሪያ አያስፈልገውም። በበጋ መስኮቱን በትይዩ ይክፈት፤ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አንድ ጋት ያርቀው። በክረምት ደግሞ ዝናብ ባቆመበት ሰዓት ጥቂት ያናፍስ፤ የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ ባያሰጣ ይሻላል።

ሌላው ነገር የግቢው ከፍታ ነው። የሰፈሩ መንገድ በኮብልስቶን ሲነጠፍ ብዙ ጊዜ ከግቢያችን ከፍ ይላል፤ የመንገዱ ውሃ በበሩ ሥር ይገባል። ያን ለመከላከል ግቢውን በገረጋንቲ እንሞላለን፤ ያን ጊዜ አፈሩ ከቤቱ ወለል በላይ ሆኖ በቀጥታ ግድግዳውን ይደገፋል። ሬንጅ ቢኖር እንኳ ውሃው ከሬንጁ በላይ ይገባል። ግቢ የሚሞላ ሰው በግድግዳው ዙሪያ ቦይ ማስቀረትና መሬቱ ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ማድረግ አለበት።

ለቤት ሥራ ገንዘብ የምትልኩ ወገኖቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሳሎኑ ሲያልቅ የሚላክላችሁን ፎቶ ትታችሁ የመሠረቱን ፎቶ ጠይቁ። ድንጋዩ ሲደረደር፣ ላስቲኩ ሲነጠፍ፣ ሬንጁ ሲቀባ፣ ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት። ፎቶው ሳይመጣ ቀጣዩ ክፍያ አይላክ።

የእህቴን ቤት በተመለከተ ከእሷ ጋር ተስማምተናል። አሸንዳው ክረምት ሳይገባ ይሰቀላል። በኅዳር በግድግዳው ዙሪያ የተከመረው አፈር ከወለሉ በታች እስኪወርድ ይነሳል፤ ጠጠር የተሞላ ቦይም ይቆፈራል። በውስጥ በኩል የታመመው ልስን እስከ ብሎኬቱ ይላጣል፤ ግድግዳውም እስከ ሚያዝያ ራቁቱን ይቆያል። ለጥምቀት እንግዳ ሲመጣ አስቀያሚ ይሆናል ብላ ነበር፤ ልጆቿ በየክረምቱ እንደሚያስሉ ስናነሳ ግን ራሷ «ይላጥ» አለች።