ይድረስ ለክቡር የባኞ ገንዳችን ማፍሰሻ

ቱሉ ዲምቱ፣ ጥቅምት፣ ውሃ በመጣበት ሐሙስ ሌሊት

ጉዳዩ፦ ከተሾሙበት ዕለት ጀምሮ ስላሳዩት ትጋት

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ምድር ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ከኮርኒሱ የሚወርደውን ጠብታ በሚቀበሉ ሁለት ሳፋዎችና አንድ ድስት መካከል ተቀምጬ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ላይ ስለሚታየው እርጥበት አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መታጠቢያ ቤቱን ስናድስ ገንዳ የገዛነው ተዘፍዝፈን ልንታጠብበት እንዳልሆነ ከእርስዎ አይሰወርም። በከተማው ዳርቻ ለምንኖር ሰዎች ውሃ የሚደርሰን በፈረቃ፣ ያውም እንቅልፍ ሲጥመን በመሆኑ፣ ከሮቶው ሌላ፣ እንግዳ ሲያየው የሚያስቀና ነጭ ማጠራቀሚያ አስፈልጎን ነበር። እርስዎ ግን ሹመትዎ ማፍሰስ እንጂ ማቆየት አለመሆኑን በሚገባ ስለተረዱ፣ ውታፍዎን ብንጫነውም ብንለማመጠውም፣ ሌሊት አንገቱ ድረስ የሞላነውን ገንዳ ጠዋት ቁርጭምጭሚት ላይ አድርሰው ያስረክቡናል።

የተሾሙበትን ቀን አልረሳሁትም። ገንዳው ቦታውን ሲይዝ የእርስዎ አፍ ወለሉ ውስጥ ከተቀበረው ቱቦ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ተገኘ። ደንቡ ሲሚንቶውን ሰብሮ፣ ባለ 40 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል አድርጎ መዘርጋት ሲሆን፣ ባለሙያችን ግን እንደ አኮርዲዮን የሚሳብ ቱቦ ከቦርሳው አውጥቶ ጎተተና፣ «ችግር የለም ጋሼ፣ ሴራሚክ ይሸፍነዋል» አለኝ። በእርግጥም ሸፈነው። ቱቦው መሐሉ ላይ እንደ ጎተራ ሆዱን ዘርግቶ ፀጉርና ሳሙና እያከማቸ መሆኑን ያወቅነው ቆይተን ነው።

ስለ ባልደረባዎ ስለ ሲፎንም ትንሽ ልበል። እርሱ በሆዱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይዞ የሴፕቲክ ታንኩን ሽታ እንዲመልስ የተቀጠረ ዘበኛ ነው። ውሃ ሦስት ሳምንት በጠፋ ጊዜ ግን ዘበኛው ራሱ ደርቆ በሩን ከፍቶ ሄደ። አንድ ጣሳ ውሃ ቢጠጣ ይመለስ እንደነበር አሁን አውቃለሁ፤ ያን ሰሞን ግን አንድ ጣሳ ውሃ ከተገኘ ለቡና ነበር የሚፈለገው።

የዛሬው ሥራዎ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ገንዳው ላይ ከፍ ብላ የተቀመጠችው፣ ኒኬል ክዳን ያላት የትርፍ ውሃ መውጫ አለች አይደል? እርሷን ተማምኜ ቧንቧውን ከፍቼ ተኛሁ። ለካስ ከውበቷ በስተጀርባ ከእርስዎ ጋር የሚያገናኛት ቱቦ ኖሮም አያውቅም፤ ትርፉ ውሃ በሙሉ በገንዳው ሥር አልፎ ሳሎን ተኝተው ወደነበሩት አማቴ ወረደ። እማማ ነጠላቸውን እየጨመቁ፣ «ልጄ፣ በጥቅምት ክረምት ገባ እንዴ?» ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ?

ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ነው አልልም። ጎኑ በግንብ ከመዘጋቱ በፊት ገንዳውን ከትርፍ ውሃ መውጫው በላይ ሞልተን፣ ከሥሩ ደረቅ ወረቀት አንጥፈን፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በባትሪ ብናይ ኖሮ ሁሉም ነገር ያን ዕለት በታወቀ ነበር። ሙከራው ሊደረግ በታሰበበት ቀን ውሃ አልነበረም። ባለሙያው ግን ሌላ ቀጠሮ ስለነበረበት፣ እኔም ቤቱ አልቆ ለማየት ስለቸኮልኩ፣ አንዲት ትንሽ መክፈቻ በር እንኳን ሳናስቀር ደፈንንዎ።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት መዶሻና መሮ ይዤ እመጣለሁ። የሚሰበረውን ሴራሚክ የሚመስል መርካቶ ውስጥ እንደሌለ ስለተነገረኝ፣ ከእንግዲህ ፊት ለፊትዎ ሌላ ቀለም ይሆናል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሲፎን፣ ባሉበት
ለሮቶ፣ ጣሪያ ላይ
ለአማቴ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ ፍራሻቸውን ወደ መስኮቱ እንዲያስጠጉ