ስማቸውን በቢላ?

እዚህ ለንደን ጎረቤቶቼ በዕድሜ የገፉ ፈረንጅ ባልና ሚስት ናቸው። አምና ትዳራቸው 60 ዓመት ሲሞላው ከንጉሥ ቻርልስ ካርድ መጣላቸው። ልጆቻቸው ቀድመው አመልክተው ነው እንጂ ንጉሡማ ከየት ያውቃሉ! ካርዱ ፍሬም ገብቶ ሳሎን ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሥሩ ይቆማሉ። አልዋሽም፣ ቀናሁ።

ደብረ ብርሃን ደወልኩ። መቼ ነው የተጋባችሁት? አባዬ «የምን ምርመራ ነው?» አሉ። እማዬ ግን አፍታ አልፈጀባትም፤ «ንጉሡ በወረዱ በዓመቱ፣ ቃና ዘገሊላ በዋለ በሦስተኛው ቀን።» ጥር 1968 መሆኑ ነው። ዘንድሮ 50! ቲኬት ቆረጥኩ።

ሐሳባችን አንኮበር ወስደን ልናንሸራሽራቸው ነበር። መንገዱ አያስተማምንም ተባለና እዚያው ከተማ አንድ ሆቴል ገባን። የደብረ ብርሃንን የጥር ብርድ ታውቁታላችሁ። አባዬ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከወንዶቹ ጋር፣ እማዬ ከሴቶቹ ጋር። «ኧረ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ፎቶ ልናነሳችሁ ነው!» ብል ማን ሊሰማኝ። ስለምናቸው ጊዜ ተጠጉ፤ መሃላቸው ግን የልጅ ልጅ አስቀመጡ።

የምግቡ ነገርማ ይቅር። እማዬ ዶሮ ወጥ በአገልግል ይዛ መጥታለች። ሆቴል! አስተናጋጁ ሊከለክላት መጥቶ ጎርሶ ተመለሰ። ላልተበላው ጥብስ እኔ ከፈልኩ።

ከዚያ ኬኩ መጣ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ጭኔ ላይ ታቅፌ ያመጣሁት ኬክ። የሁለቱንም ስም በክሬም አጽፌበታለሁ። እማዬ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጎንበስ ብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አባዬ ስም ላይ ስትደርስ ዝም አለች። 50 ዓመት ሙሉ በስማቸው ጠርታቸው አታውቅም። «አንቱ» ነው፣ በቃ። ቢላውን ሳቀብላት እጇን ሰበሰበች።

«በስመ አብ! ስማቸውን በቢላ?»

እማዬ፣ ክሬም እኮ ነው! ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ፣ ፎቶ የለ፣ ኬክ የለ። አባዬ ከጋቢያቸው ውስጥ ሳቁና፣ «የእሷም ስም አይነካ፣ ዳር ዳሩን ቁረጡት» አሉ።

ዳር ዳሩን በላን። መሃሉ ከነስማቸው አገልግል ውስጥ ገብቶ ወደ ቤት ሄደ። ለንደን እስክመለስ አልተበላም። እንግዳ በመጣ ቁጥር እማዬ አገልግሉን ትከፍታለች።