ነፃ ትምህርት ከነመዋጮው

የወላጆች ስብሰባ ጥሪ ሲመጣ ልምድ ያለው ወላጅ ወረቀቱን ከላይ ጀምሮ አያነብም። አጀንዳ አንድ፣ የመማር ማስተማር ሂደት፤ አጀንዳ ሁለት፣ የተማሪዎች ሥነ ምግባር፤ አጀንዳ ሦስት፣ የወላጆች ሚና። እነዚህን ዘሎ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ይወርዳል። «ልዩ ልዩ» የምትል አጀንዳ ካለች ገንዘብ አለ። ከሌለች ደግሞ የባሰ ነው፤ ገንዘቡ «የወላጆች ሚና» ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

የእኛ ከተማ ከደብረ ማርቆስ ብዙም አትርቅም። ስሟን ግን አልጠራም፤ ልጄ ገና ስምንተኛን አልተፈተነም።

ወደ ወረቀቱ ከሄድን ትምህርቱ ነፃ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ አይከፍልም ብሏል። ፖሊሲው ዋሽቷል የሚል ካለ ያጠፋው እሱ ነው፤ ለትምህርቱ አንድም ቀን ተጠይቀን አናውቅም። የምንጠየቀው ለጠመኔው፣ ለጥበቃው፣ ለፈተና ወረቀት ማባዣው፣ ለዴስክ ጥገናው፣ ለስፖርት ቀን ኳሱና ለሽንት ቤቱ ነው። ትምህርቱ ራሱ፣ እንደተባለው፣ ሳንቲም አያስወጣም።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይጠራል። ቀኑን የመረጠው ሰው ቀላል ሰው አይደለም። ወላጅ አስቀድሶ፣ «አንተ የሰጠኸኝን እኔ ለማን እነፍገዋለሁ» የሚል ስብከት ሰምቶ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ ልቡ ለስልሶ ይመጣል። ርእሰ መምህሩም ይነሡና እንዲህ ይላሉ፦ «ውድ ወላጆች፣ ማንም አይገደድም። መዋጮው ሙሉ በሙሉ በፈቃደኝነት ነው። በተማሪ ሦስት መቶ ብር ብለን አስልተነዋል። እስከ ዓርብ ድረስ።»

ጸጥታ ይሆናል። ይህችን ጸጥታ የሚሰብራት የወላጅ መምህር ኅብረቱ ሰብሳቢ ነው። ጉሮሮውን ይጠራርግና «እኔ እንኳ ምንም የሌለኝ ሰው ነኝ» ይላል፤ ባለ ወፍጮ ነው፤ «ግን ለትውልድ ነውና አንድ ሺህ!» ጭብጨባ። ቀጥሎ ያለው ሰው ሦስት መቶውን ሊከፍል ነበር የመጣው፤ ከሺህ ብር ቀጥሎ ሦስት መቶ ማለት ደግሞ በሰው ፊት ራስን መስደብ ነው። አምስት መቶ ይላል። ከጎኑ ያለውም አምስት መቶ። የጮቄን ብርድ ያለ ጋቢ የሚችል ሰው ጭብጨባ አይችልም። ገቢዎች ቢሮ ስንት ዓመት ሲለፋ ያልሆነለትን ግብር ይሉኝታ በአንድ እሑድ ጠዋት ትሰበስበዋለች፤ ያውም ያለ ኦዲተር።

ባለፈው ጊዜ ይህን ጨረታ ያበላሹት ከገጠሩ ቀበሌ የመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። «ብር የለኝም፤ ባሕር ዛፍ አለኝ» አሉ። «ሃያ አጠና እሰጣለሁ። ቆርጦ የሚወስድ ግን ከናንተ ይምጣ።» (ወደ አዊ በኩል ቢሆን ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይሉ ነበር፤ ያ እንኳ ከሰል ይሆናል።) ጸሐፊው ግራ ገባው። መዝገቡ ላይ ያለው «ብር» የሚል ዓምድ ብቻ ነው። ትንሽ አሰበና እዚያው ላይ «20» ብሎ ጻፈ። አዛውንቱ እስከ ዛሬ ሃያ ብር ብቻ የሰጡ ስስታም ተብለው በመዝገብ ይኖራሉ።

እሳቸው ግን አልተቀመጡም። «ለእናት አገር ጥሪ አዋጥቻለሁ። ለመሠረተ ትምህርት አዋጥቻለሁ። ለዓባይ ቦንድ ገዝቻለሁ። ዓባይ ያህል ወንዝ ተገድቦ አለቀ፤ ይኸ ሽንት ቤት መቼ ነው የሚያልቀው?» መልስ አልተሰጣቸውም። እኔም ቤቴ ገብቼ ሳስበው እውነታቸውን ነው። የግድቡ መሠረት ድንጋይ የተቀመጠው በመጋቢት 2003 ነው፤ በጳጉሜን 2017 ተመረቀ። ለሽንት ቤቱ ከዚያ በፊት ጀምረን ነው የምናዋጣው። እስካሁን የተጠናቀቀው የዲዛይን ሥራው ነው፤ እሱም ጉድጓድ ነው።

ርእሰ መምህሩን ሌባ የሚል ሰው ቢመጣ ግን አልስማማም። ሰውየው መሐል ላይ የተያዙ ናቸው። ወረዳው በጀት ሲመድብ አብዛኛው ለደመወዝ ይሄዳል፤ ለሥራ ማስኬጃ የምትተርፈው ገና ከጥር ሳትደርስ ጠመኔ ታሳጣለች። በ2001 ገደማ በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል በተማሪ ቁጥር እየተሰላ የሚላክ ድጎማ ተጀመረ፤ ስኩል ግራንት የሚሉት። ያኔ መዋጮ ይቀራል ብለን ነበር። መዋጮው አልቀረም፤ «ድጎማው እስኪለቀቅ» የሚል አዲስ ስም ወጣለት። በ2015 ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ ንቅናቄ ሲጀምር፣ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከደረጃ በታች መሆናቸውን ራሱ ነገረን። እንግዲህ የቤቱ ባለቤት ቤቴ ዘምሟል ካለ እንግዳው ምን ይላል? እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ መጣና በጎጃም ብዙ ትምህርት ቤት በሩ ተዘግቶ ከረመ። የደወል ድምፅ ናፍቆት የከረመ ወላጅ ዛሬ ደወሉ ከተደወለለት የተጠየቀውን ሁሉ ይከፍላል። ይህ የማሾፍበት ነገር ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

ትምህርትና ልመና በእኛ አገር የቆዩ ባልንጀሮች ናቸው። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ቅኔ ሲቆጥሩ የኖሩት ሁሉ ለምድ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ በዱላ ውሻ እየመከቱ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ነው የተማሩት። የዛሬው ትምህርት ቤት ከቆሎ ተማሪው ልመናውን ወረሰ፤ ጨዋነቱን ግን እዚያው ጎጆው ውስጥ ረስቶት መጣ። ቆሎ ተማሪው ባለቤቷ «እግዜር ይስጥህ» ካለችው ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል። ስሟን አይመዘግብም። በማግስቱም ልጇን ደጀ ሰላም ላይ አስነሥቶ «እናትህ ትናንት ቁራሽ ነፍጋለች» አይልም።

እኛ ዘንድ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ስም ይጠራል። «የሚከተሉት ተማሪዎች ከሰልፍ ውጡ።» ፈቃደኛ ያልሆነው አባት ነው፤ ከሰልፍ የሚወጣው ልጅ ነው። በሠፈራችን አረቄ እያወጣች አራት ልጅ የምታሳድግ ሴት አለች። በየዓመቱ ከሁሉም ቀድማ የምትከፍለው እሷ ናት፤ አንዳንዴ ዶሮዋን ሸጣ፣ አንዳንዴ የዕቁቧን ዕጣ ከባለ ዕጣ ለምና። «ምነው፣ ግዴታ እኮ አይደለም» ብላት «ታዲያ ልጄ ሰው ፊት ይቁምልኝ?» አለችኝ። ከዚህ በኋላ ስለ ግዴታና ስለ ውዴታ መከራከር ሞኝነት መስሎ ታየኝ።

በሰኔ ደግሞ ካርድ አለ። ካርድ ማንም ተከልክሎ አያውቅም። «ይቆያል» ነው የሚባለው።

ባለ ፎቁ ነጋዴያችን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ልጆቹ ባሕር ዳር በግል ትምህርት ቤት ናቸው። እሱ የሚመጣው በክብር እንግድነት ነው፤ ሁለት ደርዘን ደብተርና አንድ ኳስ ያስረክባል። ኳሷን ለመቀበል አምስት ሰው እጁን ይዘረጋል፤ ፎቶው ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ከጎኑ የሚቆሙት የወረዳው ኃላፊ ስለ ኅብረተሰብ ተሳትፎ ረዘም ያለ ንግግር ያደርጋሉ። የሳቸው ልጆች የሚማሩት ከነጋዴው ልጆች ጋር አንድ ክፍል ነው።

አሜሪካ ያሉት የቀድሞ ተማሪዎችም የቴሌግራም ቡድን አላቸው። እነሱ ብር ከመላካቸው በፊት ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃሉ፤ ከላኩ በኋላ የደረሰኝ ፎቶ፤ ከፎቶው በኋላ የተገዛው ዴስክ ራሱ ቆሞ ፎቶ እንዲነሣ። ይህን ርእሰ መምህሩ «ዘመናዊ አሠራር» ብለው በስብሰባው ላይ አመሰገኑ። ያን ጊዜ እኔም ዘመናዊ ልሁን ብዬ ለሦስት መቶ ብሬ ሞዴል 64 የሚሉትን የመንግሥት ደረሰኝ ጠየቅሁ። «ይህ ገንቢ አስተያየት አይደለም» ተባልኩ።

የሰው ቅሬታ የመስጠት አይመስለኝም። ጎጃም በመዋጮ የሠራውን ቤተ ክርስቲያን፣ በደቦ ያነሣውን የጎረቤት ጎጆ የሚቆጥር የለም። «በጀቱ ይኸ ነው፣ የጎደለው ይኸ ነው፣ የቻለ ይርዳ፣ ያልቻለ ልጁን ይላክ» ብሎ ወጪና ገቢውን በር ላይ የሚለጥፍ ትምህርት ቤት ቢገኝ ባለ ባሕር ዛፉ አዛውንት ራሳቸው ቆርጠው ያመጡለት ነበር።

ስብሰባው ሊያበቃ ሲል «ጥያቄ ያለው?» ተባለ። በር ላይ ቆመው የነበሩት ዘበኛው እጃቸውን አወጡ። ጡረተኛ ወታደር ናቸው፤ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን እዚያው ያስተምራሉ።

«ያቺን የጥበቃ የምትሏትን እኔም እከፍላለሁ?»

«ወላጅ አይደሉም እንዴ?» አሉ ርእሰ መምህሩ።

«ነኝ።»

«እንግዲያው ይመለከትዎታል። አይገደዱም ግን።»

ዘበኛው ትንሽ አሰቡ። «በሉ ከደመወዜ ቁረጡልኝ።»

ገንዘብ ያዧ መዝገቧን ገለጥ ገለጥ አድርጋ «አባባ፣ የሦስት ወር ደመወዝዎ እኮ አልተከፈለም። የሚከፈልዎ የጥበቃው መዋጮ ገቢ ሲሆን ነው» አለቻቸው።

«እሺ፣ ስትከፍሉኝ እከፍላችኋለሁ።»

ሰብሳቢው «አርአያ የሚሆን ወላጅ!» ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ፤ እኛም ተነሥተን አጨበጨብንላቸው።