የገዳዮቹ መኪና እንዲነሳ ስንመኝ

አንድ ፊልም ገና ሲጀምር ገዳዩን ካሳየን፣ ቀሪውን ሰዓት ተኩል ምን ያስቀምጠናል? እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣውን «ደብል ኢንደምኒቲ» ባየሁ ቁጥር ይህን እጠይቃለሁ።

ታሪኩ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። የኢንሹራንስ ሻጩ ዋልተር ኔፍ ሌሊት ቆስሎ ቢሮው ይገባል። የድምፅ መቅጃውን ከፍቶ ይናዘዛል። ለገንዘብና ለሴት ብሎ ሰው ገድሏል፤ ገንዘቡንም ሴትዮዋንም አላገኘም። በቃ፣ መጨረሻው ታወቀ።

ሴትዮዋ ፊሊስ ናት፤ ባርባራ ስታንዊክ ትጫወታታለች። ባሏ የመኪና ኢንሹራንስ የሚያድስ መስሎት የ50 ሺህ ዶላር የአደጋ ኢንሹራንስ ይፈርማል። ሞቱ ከባቡር ጋር ከተያያዘ ክፍያው እጥፍ ይሆናል። የፊልሙም ስም የመጣው ከዚሁ ነው። ሰውየው መኪና ውስጥ ሲገደል ካሜራው ግድያውን አያሳይም። ሚስትየዋ ፊት ላይ ይቆያል። ያ ፊት ከየትኛውም ደም በላይ ያስፈራኛል።

ሬሳውን ሐዲዱ ላይ ጥለው ሲመለሱ ደግሞ መኪናው አልነሳ ይላል። እዚህ ጋ ሁሌም ትንፋሼን እይዛለሁ። ለሟቹ አዝኜ አይደለም። ገዳዮቹ እንዳይያዙ ፈርቼ ነው! «በቃ ተነሳ እንጂ» እላለሁ በሆዴ። ዳይሬክተሩ ቢሊ ዋይልደር በአንድ አልነሳ ባለ ሞተር የወንጀሉ ተባባሪ ያደርገኛል። የፊልም ኖዋር፣ ማለትም የዚህ በጥላ የተሞላ የወንጀል ፊልም ዘውግ፣ ጉልበት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ጥላው፣ በመስኮቱ መጋረጃ መሐል የሚገባው ብርሃን፣ አየር ላይ የሚንሳፈፈው ብናኝ፣ ሁሉም ያምራል። ግን ውበት ብቻውን እንዲህ ልብ አያንጠለጥልም።

ብዙ ሰው የፊልሙ ማግኔት ፊሊስ ናት ይላል። እኔ አልስማማም። ልቤን የሚወስደው ኪስ የተባለው ሰውዬ ነው፤ ኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን የሚጫወተው የኩባንያው መርማሪ። አንድ ቀላል ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳዋል፦ ሟቹ የአደጋ ኢንሹራንስ እያለው እግሩ ሲሰበር ለምን ካሳ አልጠየቀም? ኔፍ አጠገቡ ቆሞ ይሰማዋል። ኪስ ግን ይወደዋል፤ ያምነዋልም። ሁሉንም ሰው የሚጠረጥር ሰው አጠገቡ ያለውን ወዳጁን ብቻ አላየውም። ይህ ከማንኛውም የፍቅር ትዕይንት በላይ ያመኛል።

ኪስ ሲጋር ያጨሳል፤ ክብሪት ግን ኖሮት አያውቅም። ፊልሙን ሙሉ የሚለኩስለት ኔፍ ነው። ዋይልደር ኔፍ በመርዝ ጋዝ ክፍል በሞት ሲቀጣ የሚያሳይ መጨረሻም ቀርጾ ነበር፤ ኋላ አወጣው። እሰይ! ያንን ማየት አያስፈልገንም። ኔፍ ደሙ እየፈሰሰ በሩ ሥር ወድቋል። ሲጋራውን ለመለኮስ እጁ አልታዘዝ ብሎታል። ኪስ ጎንበስ ይልና ይለኩስለታል።