«ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?»

የኛ ቅዳሜ ማክሰኞ ነው። እኔ ቅዳሜና እሁድን ሆስፒታል እሠራለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ሰው በሚዝናናባቸው ሌሊቶች መኪናው ላይ ሆኖ ሰካራም ያመላልሳል። ሁለታችንም እረፍት የምንሆነው ማክሰኞ ብቻ ስለሆነ ተስማማን፤ ማክሰኞ ማታ ቤታችን ምድጃ አይለኮስም። እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና ዙሪያዋ ያሉትን ምግብ ቤቶችና መጠጥ ቤቶች ተራ በተራ እንሞክራለን። አንዱን ሳምንት እሱ ይመርጣል፣ ሌላውን እኔ። የተመረጠውን ቤት መቃወም ክልክል ነው። ማማት ግን ይፈቀዳል።

ዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ሰው በምግብ አይታማም። ሳልቫዶሮቹ ፑፑሳ የሚሉት የበቆሎ ቂጣ አላቸው። ሆዱ ውስጥ ባቄላና አይብ ይከቱበታል፣ ከጎኑ በኮምጣጤ የታሸ ጥቅል ጎመን ያመጣሉ፣ በእጅ ይበላል። ባለቤቴ በእጅ የሚበላ ነገር ካገኘ ሌላ አይፈልግም፣ እሱ ቢተውለት ማክሰኞ ሁሉ ፑፑሳ ነበር። ፎልስ ቸርች ወርደን ኤደን ሴንተር ከገባን ደግሞ ግቢው በሙሉ የቬትናም ነው። አንድ ጎድጓዳ ፎ የሚሉት የሩዝ ኑድል ሾርባ ከነአጥንት መረቁ ለብርድ ቀን ነፍስ ነው። የኛዎቹም አሉ። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከተከፈተው ማማ ደስታ ወዲህ የአበሻ ምግብ ቤት በዚህ አካባቢ ሰፈር እየቀየረ ኖሯል፤ አዳምስ ሞርጋን፣ ከዚያ ዩ ስትሪትና ናይንዝ ስትሪት፣ ኪራይ ሲያንቅ ደግሞ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ።

እንግዲህ በነዚህ ቤቶች ሁሉ አንድ የማይለወጥ ነገር አለ። አስተናጋጇ ትመጣለች፣ ስሟን ትነግረናለች፣ ከዚያ ዓይኗን እኔ ላይ ታደርግና ምን እንደምፈልግ ትጠይቀኛለች። ቀጥሎ እሱን። አፋችን እንጀራም ይሁን ሩዝ ሞልቶ ሳለ ተመልሳ መጥታ «ሁሉ ነገር ደህና ነው?» ትላለች። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሂሳቡ አንድ ላይ ነው ወይስ ለየብቻ?» መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴ በዚህ ጥያቄ ይቀየም ነበር። ያስጠረጠረን ምንድን ነው ይላል። የተጋባን አንመስልም? አሁን ለምዶታል፣ እንዲያውም ተራው ደርሶ ሂሳቡ ከበዛ «ለየብቻ» እያለ ያሾፍብኛል።

ፈገግታው በከንቱ እንዳልሆነ እናውቃለን። ጉርሻ ለሚያገኝ አስተናጋጅ ቀጣሪው የሚከፍለው የፌደራል ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። ከፈረንጆቹ 1991 ጀምሮ አልተነካም፣ ቨርጂኒያ ዛሬም በሱ ትሄዳለች። ሌላው ከኛ ኪስ ነው። ዲሲ ውስጥ ሕዝቡ በ2022 ድምፅ ሰጥቶ በጉርሻ ሠራተኛና በሌላው ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ መካከል ያለው ልዩነት ቀስ በቀስ እንዲቀር ወሰነ፣ ብዙ ቤቶች ደግሞ ወዲያው ሂሳቡ ግርጌ ላይ «ሰርቪስ ፊ»፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ የሚል መስመር ጨመሩ። በዚያ ላይ የከተማው የምግብ ቤት ታክስ 10 በመቶ። 30 ዶላር ብለህ ያዘዝከው ምግብ ወንበሩን ለቀህ ስትነሳ 40 ዶላር ነው።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት አዲስ አበባ ገባን። ባለቤቴ «የማክሰኞውን ፕሮግራም እዚያም እንቀጥል» አለ። እኔም ደስ አለኝ፣ እዚያማ ቀኑ ሁሉ ማክሰኞ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ሥጋ ቤት ነው። ከፊት ሥጋው ተሰቅሏል፣ ከኋላ ጠረጴዛዎቹ ናቸው፣ ሸክላ ጥብሱ ከሰሉ ላይ እየተንጫጫ በጠረጴዛዎቹ መሀል ያልፋል። ልጁ መጣ። ጎበዝ፣ ፈጣን፣ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?» አለ። ባለቤቴ ገና ሥጋውን እያየ ስለነበር እኔ መለስኩ፤ «ግማሽ ኪሎ ደረቅ ጥብስ፣ ለኔ አንድ ጃምቦ ድራፍት»። ልጁ ሰምቶኛል። ግን ወደ ባለቤቴ ዞሮ «ለእሷ ጃምቦ ይሁን ወይስ ሲንግል?» አለው።

ባለቤቴ «እሷን ጠይቃት» አለ። ልጁ አፈረ፣ ሳቀ፣ መጠየቁን ግን አልጠየቀኝም። ጃምቦው መጣ።

ስንጨርስ ሂሳቡ በትንሽ ሰሃን ሆኖ ባለቤቴ ፊት ተቀመጠ። ሰሃኑን ወደኔ ሳብኩት፣ ከቦርሳዬ ብር አውጥቼ ቆጥሬ ሰጠሁት። ልጁ በሁለት እጁ ተቀበለ። መልሱን ይዞ መጣና ባለቤቴ ፊት አስቀመጠው። ቲፑን ስተውለት ደግሞ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ለጋሼ!

ባለቤቴ ወዶታል፣ አይካድም። አሜሪካ ውስጥ ማንም ጋሼ ብሎት አያውቅም። ሌሊቱን ሙሉ የሚያመላልሳቸው ጎረምሶች «ሄይ ማን» ነው የሚሉት፣ እሱም ካሉት ነው። ስለዚህ ከዚያ ሥጋ ቤት ሲወጣ ትከሻው ሰፋ ብሎ ነበር፣ በኔ ብር።

እዚህ ባልና ሚስት ምግብ ቤት ሲገቡ ሁለት ደንበኞች ናቸው። አዲስ አበባ ሲገቡ አንድ ደንበኛና አብራው የመጣች ሴት። በዚያው ከተማ ሴቶቹ እርስ በርስ ተጠራርተው ቦሌ ድራፍት ቤት ሲቀመጡ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ልጅ ሆኜ ግሮሰሪ ደጃፍ ላይ የቆመች ሴት ስሟ ሰፈሩን ይዞር ነበር፣ ያ ቀርቷል፣ ጥሩ ሆኗል። ሴት ብቻዋን ወይም ከጓደኞቿ ጋር ስትሆን አስተናጋጁ ይታዘዛታል፣ «እህቴ ምን ላምጣልሽ» ትባላለች። ከባሏ ጋር ስትሆን ነው የምትጠፋው። ነገሩ የሚገርመኝ እሱ ላይ ነው።

ለፍትህ ስል ሌላውንም ላንሳ። እዚያው ሥጋ ቤት በሁለተኛው ጉዟችን ልጁ ከሩቅ አወቀን። ኳስ ከሚጮህበት ቴሌቪዥን ራቅ አድርጎ ጥግ አስቀመጠን። ባለቤቴ ጮማ እንደማይወድ ስላስታወሰ ቆራጩን «ከቀዩ አርግለት» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ስሟን የነገረችን ልጅ በሚቀጥለው ወር ስንመለስ ስሟን እንደ አዲስ ነገረችን። እኛም እውነቱን ለመናገር ረስተናት ነበር።

ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ለሁለት ሆኖ መብላት አይቻልም። ሥጋ ቤቱ ለሁለታችን ተብሎ ነበር። ባለቤቴ «የት ናችሁ?» ለሚል ስልክ መለሰ፣ አበቃ። ወንድሙ መጣ። የወንድሙ ጓደኛ ከወንድሙ ጋር ነበር። ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ የድሮ የክፍል ጓደኛው ተገኘ፣ እሱም «እንብላ» ተባለና ወንበሩን ጎትቶ መጣ፣ ሚስቱም ተከተለችው። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ስድስት ነበርን። ጥብሱ ሦስት ጊዜ ተደገመ። እኔና የክፍል ጓደኛው ሚስት አንድ ጥግ ተገፍተን ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አወራን። በጣም ተጫወትን፣ ግን ባለቤቴን ዳግም ያየሁት ሂሳብ ሲመጣ ነው።

የሂሳቡ ጠብ ራሱ ተቀይሯል። ድሮ ወንዶቹ እጅ ለእጅ ይያያዙ ነበር፣ «ሞቼ ነው አንተ የምትከፍለው»፣ አስተናጋጁ መሀል ቆሞ የማንን ብር እንደሚቀበል ይጨንቀዋል። ዘንድሮ ጠቡ ለወግ ያህል አንድ ጊዜ ተሞከረና ቆመ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሆነ። አንድ ኪሎ ሥጋ ከሺህ ብር አልፏል። በደመወዝ የሚኖር ሰው ስድስት ሰው የበላበትን ሂሳብ ልንጠቅ ቢል የወሩ ደመወዝ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ዳያስፖራው ይከፍላል፣ ሌላው አንገቱን ይደፋል። መክፈሉ አይደለም የከበደኝ። ከዚያ በኋላ ስንደውል «ዛሬ አይመቸኝም» የሚሉን ሰዎች በዙ። መጋበዝ የማይችል ሰው መጋበዝ ይከብደዋል። የባለቤቴ ወንድም «ቤት ኑ» ማለት የጀመረው ለዚህ ነው። ሚስቱም ሽሮዋን ስትሠራ ምግብ ቤቱን ሁሉ ታስንቃለች።

ቦታዎቹስ? ሳንጋባ እንሄድባቸው የነበሩት ካዛንቺስ ነበሩ። ካዛንቺስ ፈርሷል። ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና መብራት ገብቶለታል፣ ማታ ሰው ከልጆቹ ጋር ይንሸራሸርበታል፣ ደስ ይላል። ባለቤቴ ግን አንዱ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ «እዚህ ጋ ነበር ጥብስ ፍርፍሩ» እያለ በጣቱ ባዶ ቦታ ያሳየኝ ነበር። እኔ ደግሞ በሁለት ሜትር ወደ ግራ ነው ብዬ ተከራከርኩት። ማንም ሊፈርድልን አይችልም።

መጠጡን በሚመለከት ልዩነቱ ሌላ ነው። እዚህ ማክሰኞ ማታ ከቤት ሳንወጣ መጀመሪያ የሚወሰነው ማን እንደሚነዳ ነው። የሚነዳው ኮካ ይጠጣል። መንጃ ፈቃዱ የእንጀራው ስለሆነ ብዙ ጊዜ ኮካው የሱ ነው፣ ድራፍቱ የኔ። አስተናጋጇ ግን ድራፍቱን ማን እንዳዘዘ ጽፋዋለችና እኔው ፊት ታስቀምጠዋለች። ግንባሬ ላይ ሽበት እየታየ መታወቂያ እጠየቃለሁ፣ 21 ዓመት መሙላቴን ሊያረጋግጡ። በአገራችንም፣ በራሳችን አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ፣ ሕጉ ያው 21 ነው፤ ሲጠየቅ ያየሁት ሰው ግን የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ደግሞ ለመጠጥ ቤቶች መጠጡን በጅምላ የሚያከፋፍለው ራሱ የካውንቲው መንግሥት ነው። ባለቤቴ ይህን የሰማ ቀን «ታዲያ ደርግን ምን ብለን ሸሸን?» ብሏል።

አዲስ አበባ ላይ ራይድ ወይ ፈረስ የሚባሉትን የስልክ ታክሲዎች ጠርተን ስለምንሄድ ሁለታችንም ጠጣን። አንድ ሌሊት አዝማሪ ቤት ገባን። ብርሌያችን እንደመጣ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ተጠጋ። የባለቤቴን ስም ጠየቀ፣ አገሩን ጠየቀ፣ ከዚያ ጀመረለት። ጀግና ነህ አለው፣ አንበሳ ነህ አለው። ወደኔም መጣ፣ ማለትም ስለኔ ዘፈነ። ዓይኗን ተመልከት፣ ጥርሷን ተመልከት፣ ታድለህ፣ ይለዋል ለእሱ። እኔ እዚያው ቁጭ ብያለሁ። ባለቤቴ ኪሱን ዳበሰ፣ ብሩ ያለው እኔ ጋ ነው። ጠጁም ትንሽ ገብቶኝ ነበርና እጄን አነሳሁ፤

«ተቀበል!»

«እሺ እመቤቴ!» አለ።

«ሲታዘዝ በሱ ስም፣ ሲዘፈን በሱ ስም፣
ቦርሳው የማን እንደሁ የጠየቀ የለም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ ያሉ ሴቶች እልል አሉ። አዝማሪው ማሲንቆውን አቁሞ ሳቀና ስሜን ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴን ዞር ብሎም አላየው። የኔን ስም እየጠራ ሲያወድሰኝ ቆየ፣ እኔም ግንባሩ ላይ ብር እየለጠፍኩለት ቦርሳዬን አራገፍኩ። እንዲያ ሲሆን ደግሞ ዝም ብዬ ብቀመጥ ይሻለኝ ነበር ያሰኛል፣ ውድ ነገር ነው መታየት። ባለቤቴ ራይዱ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ ሲስቅብኝ ነበር።

ከተመለስን በኋላ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የአበሻ ቤት ገባን። ጎናችን ሁለት አሜሪካኖች ተቀምጠዋል፣ ገና እየተዋወቁ ነው መሰለኝ፣ ልጁ እጁ እየተንቀጠቀጠ ልጅቷን ያጎርሳታል፣ ምስሩ ጭኗ ላይ ይንጠባጠባል፣ ይስቃሉ። ባለቤቴን አየሁት። ስልኩ ላይ ነው። ረቡዕ ስለነበር፣ ያን ሳምንት ማክሰኞን ሥራ ወስዶብን፣ እኔ የጾም በያይነቱ እሱ ጥብስ ነው የምንበላው፣ ትሪያችንም ለየብቻ። በአገር ቤት ለየብቻ መብላቱም ይቸግራል፣ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ራሱ ይዘጋልና ባል ሳይወድ በግዱ ከሚስቱ ትሪ ይበላል። እዚህ ጾሙን ያቆየልን ቪጋኑ ፈረንጅ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ በያይነቱ አይጠፋም።

አስተናጋጇ ከአገር ቤት ከመጣች ብዙ ያልቆየች ልጅ ናት። ስትመጣ «ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?» አለች። ባለቤቴ ስልኩን አስቀመጠና ቀና ብሎ ተቀመጠ። ስንጨርስ ግን ሂሳቡን ጠረጴዛው መሀል ላይ፣ ልክ በሁለታችን መካከል አስቀመጠችው፣ 18 በመቶ ቲፕ ተደምሮበት። ባለቤቴ ስልኩን መልሶ አነሳ።