እጃቸው ሚዛን ለሆነ ወንድሞቻችን

የአዲስ አበባ ብስክሌተኛ እጅ እያለ ሚዛን ምን ይሠራል? ሽሮ ሜዳ ቆመህ ገና ጓንትህን ሳታጠልቅ አንዱ ሊቅ ጠጋ ይላል። «እንዴት አደርክ» ሳይል የቴላዮውን (የብስክሌቱን አጥንት) አግዳሚ በሁለት ጣት ይዞ ብስክሌትህን ብድግ ያደርጋታል። የበዓል በግ ወገብ የሚዳብስ ሰው እንኳ እንዲህ አይመሰጥም። ዓይኑን ጨፈን፣ ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ ይፈርዳል፦ «ዘጠኝ ኪሎ ናት። ትከብዳለች።» ይግባኝ የለም።

ጥበቡ የሚያስደንቀው ሁለት ባለ 750 ሚሊ ሊትር ኮዳዎች ሞልተው እንደተሰኩ መመዘኑ ነው። ውሃው ብቻውን አንድ ኪሎ ተኩል ነው። በፋብሪካ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ክብደት በበኩሉ ብዙ ጊዜ ያለ ፔዳልና ያለ ኮዳ መያዣ የተመዘነ ነው። ሊቃችን ይህን አሳምሮ ያውቃል። ለዚህም ነው ለራሱ ብስክሌት ወረቀቱን፣ ለአንተ ብስክሌት ጣቱን የሚጠቅሰው።

ሕግም አይበግራቸውም። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ዩሲአይ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ እንዳያንስ ደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ የፒሬኔን ተራሮች የወጣው በዚሁ ሕግ ነበር። የእኛዎቹ ግን ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ወጥቶ ማኪያቶ ለመጠጣት 6.8 ኪሎ በዛባቸው። ዓላማቸው ከፍ ያለ ነው።

ሒሳቡን የሚያነሣ ቅናተኛ አይጠፋም። ሰውየው 75 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 9 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 84 ነው። ከዚህ ላይ አንድ ሙሉ ኪሎ ቢቀነስ ከመቶ 1.2 ገደማ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት የሚተርፈው 20 ሰከንድ አካባቢ ነው። ሜዳ ላይማ ዋናው ባላጋራ አየር ስለሆነ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም፤ ከአየሩ ጋር የሚጋፋው ደግሞ በአብዛኛው የጋላቢው ገላ ነው። ሊቃችን ለእነዚህ 20 ሰከንዶች ከዱባይ በሰው ሻንጣ ዕቃ ያስመጣል፤ ከዚያ ጃኬቱን ሳይዘጋ፣ እንደ ባንዲራ እያውለበለበ ቁልቁል ይወርዳል።

ከክብደት ቀጥሎ የዘር ሐረግ ይጠየቃል። የጃፓኑ ማርሽ አምራች የሺማኖ ዕቃ በለመድነው ቅደም ተከተል ከታች ወደ ላይ ሲቆጠር ክላሪስ፣ ሶራ፣ ቲያግራ፣ 105፣ አልቴግራ፣ ዱራ-ኤስ ነው። ባለ ሶራው ሲያወራ ባለ አልቴግራው ስልኩን ያያል፤ ባለ ዱራ-ኤሱ ሲያወራ ሁሉም ስልኩን ኪሱ ይከታል። ባለ 11 ማርሹ 105 እና ዱራ-ኤስ በክብደት የሚለያዩት በግማሽ ኪሎ ገደማ ብቻ ነው፤ የአንዱ ካቴና ሌላው ላይ ያለችግር ይገጥማል። ይህን ለባለ ዱራ-ኤሱ መንገር ግን ነውር ነው።

አሁን ወደዚያች በክብር ወደተመዘነችው የሊቁ ብስክሌት ጠጋ በሉና ካቴናዋን አዳምጡ። ጭው ጭው ትላለች። ስለ ሴራሚክ ኩሽኔታ አንድ ሰዓት የሚያስተምረው ሰው በነጭ ጋዝ ያጥባታል፤ ጋዙ ሳይደርቅ ዘይት ያፈስባታል። ዘይቱ ከጋዙ ጋር ይቀጥንና ከውስጥ ይታጠባል፤ ውጭ የቀረው ደግሞ የሱሉልታን አቧራ ይሰበስባል። ተራው ሰው አድርቆ በእያንዳንዷ ጥቅልል ላይ አንድ ጠብታ ያስገባል፣ ፔዳሉን ትንሽ አሽከርክሮ ትርፉን በጨርቅ ይጠርጋል። ከዚያ ካቴናውን ወጠር አድርጎ በብረት ማስመሪያ ይለካል፦ ከአንዱ ፒን መሃል ተነሥቶ 24 ክፍተት ሲቆጥር አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 11 እና ባለ 12 ማርሽ ከሆነ 306.3 ሲደርስ ይቀይረዋል። ለሊቅ ግን ማስመሪያ ውርደት ነው። ካቴናው እስኪንጠለጠል ይጠብቃል፤ የተሳበው ካቴና የኋላ ጥርሶቹን ይበላል፤ በመጨረሻ አዲስ ሲገጥም በተበላው ጥርስ ላይ እየዘለለ ያስቸግረዋል። ያኔ ጥፋቱ የሺማኖ ነው።

ብሎን ላይማ ወደር የላቸውም። የብረቱን አውጥተው ቲታኒየም ይገጥማሉ፤ ትርፉ ግራም ነው፣ ሐሴቱ ግን ኪሎ። መሪው በሚታሰርበት አንገት ላይ «5 ኒውተን ሜትር» ተብሎ የጥብቀቱ ልክ ታትሟል። ቶርክ ሬንች፣ ማለትም ጥብቀት የሚለካ መፍቻ፣ የሚገዛው እጁ የማይመዝን ሰው ስለሆነ ሊቃችን ክንዱ እስኪርገበገብ ያጠብቃል። እነዚህ ቀላል ብስክሌቶች የሚሠሩበት ካርቦን ሲሰነጠቅ እንደ ብረት አይጎብጥም፤ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይዞ ድምፁን አጥፍቶ ይቆይና ቁልቁለት ላይ ቃሉን ይሰጣል። የኮረቻ ቱቦ ሲንሸራተትባቸው ደግሞ መጀመሪያ ግራሶ ቀብተው ቀጥሎ እስኪጮህ ያጠብቁታል። ደቃቅ ብናኝ ያለው የካርቦን ፓስታ በትንሽ ጥብቀት እንደሚይዝ ብትነግራቸው ፓስታው ስንት ግራም እንደሆነ ይጠይቁሃል።

ማርሽ መምረጥ የወንድነት ጉዳይ ነው። ከፊት 39፣ ከኋላ 25 ጥርስ ያለው ሰው በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ዳገት ሲወጣ ፔዳሉ በደቂቃ 41 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ጉልበቱ ይንቋቋል። 34 በ34 ያደረገው በዚያው ፍጥነት 63 ጊዜ ያዞራል፣ ወሬም ያወራል። የሚከበረው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው «የአያቶች ማርሽ» ተብሎ ይሸኛል፤ አያቶቻችን እንጦጦን በእግራቸው ሲወጡ ጉልበታቸውን ይቆጥቡ ስለነበር ስያሜው ሳያስቡት ሙገሳ ሆኗል።

ጎማ ላይ ብዙም አልቆይም። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ28 ሚሊ ሜትር ጎማ 75 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነፍቶ ኮብልስቶን ላይ በሰላም ይሄዳል። የእኛው 120 ይነፋል፤ ድንጋዩ ላይ ሲነጥር ፈጣን የሆነ ይመስለዋል።

ካልሲስ? ዩሲአይ ራሱ ካልሲ ከቁርጭምጭሚትና ከጉልበት መሃል እንዳያልፍ ደንብ አውጥቷል፤ ስለዚህ የኛዎቹን ከልክ አለፉ ማለት አይቻልም። ያለ ሄልሜት የመጣውን ማንም አይናገረውም። አጭር ካልሲ ያደረገው ግን እስከ ሱሉልታ ይመከራል።

ከሁሉ የሚናቀው ከኮረቻው ሥር ቦርሳ ያሠረው ነው። ቦርሳው ትርፍ ካላማዳሪ፣ ጎማ ማውጫ፣ የቁልፍ ስብስብና ትንሽ መንፊያ ይይዛል፤ ተደምሮ ግማሽ ኪሎ ገደማ። «ይህን ጭነት የት ልታራግፍ ነው?» ይባላል። ሱሉልታ መንገድ ላይ የሊቁ ጎማ እሾህ ሲበላ ጉባኤው በሙሉ ዞሮ ወደዚያች ቦርሳ ያያል። ባለ ቦርሳው ወርዶ ይቀይርለታል፤ እሾሁ ጎማው ውስጥ ቀርቶ እንደገና እንዳይበሳው በጣቱ ዳሶ ይነቅላል፣ ይነፋለታል። ሊቁ ቆሞ መንፊያውን ተቀበለው፣ በሁለት ጣት ብድግ አደረገው።

«መቶ ሃምሳ ግራም» አለ። «ከዚህ የቀለለ አለ እኮ።»